መስከረምን ለተራራው ተዪለት

ልጄ፣ እንጦጦ ማርያም ግርጌ በያዝሽው ግቢ ለንብና ለወፍ የሚሆን የአበባ መደብ ልታወጪ ማሰብሽን ስሰማ ከልቤ ደስ አለኝ። ዘመድ አዝማዱ ሣር አልብሺው፣ ድንጋይ አንጥፊበት፣ መኪና ማቆሚያ አድርጊው እንደሚልሽ አውቃለሁ። ግዴለሽም፣ አትስሚያቸው። እኔ ያረጀሁት በዚህ ዳገት ላይ ነው፤ ብርዱንም፣ ነፋሱንም፣ አበባ ፍለጋ የሚመጡትንም እንግዶች አውቃቸዋለሁ። የማውቀውን በቁጥር አድርጌ ጽፌልሻለሁ። ቅደም ተከተሉን አታጥብቂው፤ እንደመጣልኝ ነው ያሰፈርኩት።

1. ለማን እንደምትተክይ አስቀድመሽ እወቂ።

በስልክሽ ያሳየሽኝ፣ አየር ላይ ቆማ ክንፏን እያርገበገበች አበባ የምትጠባው ትንሽ ወፍ ሃሚንግበርድ ናት። አገሯ የአሜሪካ አህጉር ብቻ ነው። አፍሪካ ውስጥ አንድም የለች፤ ብትጠብቂያትም አትመጣም። ለእኛ ተራራ የተሰጡት ሌሎች፣ የአበባ ወፎች ናቸው። እነሱም ምንቃራቸው ቀጭንና ወደ ታች የጎበጠ፣ ምላሳቸው ረጅም፣ ምግባቸው የአበባ ወለላና ትናንሽ ነፍሳት ነው። እዚህ ከፍታ ላይ በብዛት የምታያት የወፍ ሊቃውንት በተከዜ ወንዝ ስም የሰየሟት ናት። ስሙ የወጣላት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1814 ነው። ወንዱ ጥላ ውስጥ ሲያርፍ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ስትነካው ግን ራሱ ወደ ነሐስ፣ ደረቱና ጀርባው ወደ ሐምራዊ ይዞራል፤ ከጭራውም ሁለት ረጃጅም ላባ ይወጣል። ሴቷ አመድማ ቡናማ ስለሆነች ዓይን አይጥልባትም። ከእሷ የምታንስ፣ ጀርባዋ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ ሌላም አለች።

ይህን ያነሳሁት ልዩነቱ የምትተክይውን ስለሚወስን ነው። ሃሚንግበርድ አየር ላይ ተንሳፋ ትመገባለች። የእኛዎቹ አንዳንዴ ቢሞክሩትም፣ ዋናው አመጋገባቸው ቅርንጫፍ ወይም አገዳ ላይ ተቀምጠው ነው። ስለዚህ ከአበባው አጠገብ እግር የሚያስጨብጥ፣ በነፋስ የማይታጠፍ አገዳ ያስፈልጋቸዋል። በሌላ አገር መጻሕፍት ለወፍ ተብሎ የሚመከረው በቅርጫት ተንጠልጥሎ የሚወርድ አበባ የእኛን ወፍ ያስቸግራታል። መቀመጫ ስታጣ ወይ ትታው ትሄዳለች፣ ወይ ከአበባው ሥር በጎን ቀዳ ወለላውን ትሰርቃለች። ያኔ የአበባው ዱቄት ራሷን አይነካም፣ አበባውም ሳይዳቀል ይቀራል።

ሁለተኛው ነገር ቀለም ነው። ንብ ቀይን በደንብ አትለይም፤ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቢጫና ነጭ ይስባታል። ወፍ ግን ቀይና ብርቱካናማን ከሩቅ ታያለች። ሁለቱንም መጋበዝ ከፈለግሽ ሁለቱንም ገበታ ዘርጊ።

2. የረሃቡን ወር ፈልጊና ለእሱ ትከይ።

ከምነግርሽ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህንን ያዢ። ሰው ሁሉ ለመስከረም ይተክላል። ክረምቱ ሲወጣ ግቢው በአበባ እንዲደምቅለት፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል እንግዳ እንዲያደንቅለት ይፈልጋል። በመስከረምና በጥቅምት ግን እንጦጦ ራሱ ሙሉ ማዕድ ነው። አደዩ፣ ማገጡ፣ መጩ፣ ከየአጥሩ ሥር የሚወጣው ስም የለሽ አበባ ሁሉ ተዘርግቷል። በዚያ ወር ያንቺ መደብ ኖረም አልኖረም ንብ አትራብም። መስከረምን ለተራራው ተዪለት።

የሚጨንቀው ሌላው ጊዜ ነው። የገጠር ንብ አናቢን ብትጠይቂው ይነግርሻል። ዋናው ማር የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ በልግ የሚያገኝ አገር በግንቦትና በሰኔ አካባቢ ሁለተኛ ይቆርጣል። በመካከላቸው ሁለት ክፉ ጊዜ አለ። አንዱ ደረቁ በጋ ነው፤ ጥርና የካቲት፣ በልጉ ከቀረ ደግሞ መጋቢትም። ሌላው የክረምቱ እምብርት፣ ሐምሌና የነሐሴ መጀመሪያ ነው። በበጋው አበባ አይኖርም፤ በክረምቱ አበባ ቢኖርም ዝናቡ ወለላውን ያቀጥነዋል፣ ብርዱና ጉሙም ንቧን ከቤቷ አያስወጣትም። የእኛ አገር ንብ ምግብ ስታጣ ቀፎዋን ጥላ ትሰደዳለች። ቀፎው ባዶውን ሲገኝ ሰው ምትሐት ወይም ክፉ ዓይን ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያስወጣት ረሃብ ነው።

ስለዚህ ምንም ሳትተክይ አንድ ዓመት ሙሉ ደብተር ያዢ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ፣ ከማርያም እስከ ራጉኤል ስትንሸራሸሪ በየወሩ ምን እንዳበበ፣ ማን እንዳረፈበት ጻፊ። ዓመቱ ሲሞላ ገጹ ባዶ የሆነበትን ወር ታይዋለሽ። ግዢሽም ተከላሽም ለዚያ ገጽ ይሁን። መጠበቁ ካስቸገረሽ፣ እንደማይቀር አውቃለሁ፣ ደብተሩን እየያዝሽ በመደቡ እኩሌታ ጀምሪ።

3. ራስ ክምር።

ለዚህ ተክል የተለየ ፍቅር አለኝ፤ ደግሞም ይገባዋል። የፈረስ ዘንግ የሚሉትም አሉ። በየገደሉ አፋፍ፣ በመንገድ ዳር፣ በተተወ እርሻ ላይ ሰው ሳያየው ቁመቱ ሰው አክሎ ይቆማል። ቀጥ ባለው አገዳው ላይ በየደረጃው ክብ ክብ ጉብ ይሠራል፤ ከየጉቡ ዙሪያ ብርቱካናማ፣ ጸጉር የለበሱ ረጃጅም ቱቦዎች ይወጣሉ። ወፏ ታችኛው ጉብ ላይ ትቆምና የላይኛውን ትጠጣለች፤ ጨርሳ ወደ ላይ ትወጣለች። መቀመጫውና ማዕዱ አንድ ላይ ነው የተሠራው። ምንቃሯን ስታስገባ ከአበባው የላይኛው ከንፈር ሥር ያለው ዱቄት ግንባሯን ይቀባታል፤ ያንን ይዛ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ከላይ የሸፈነው ከንፈር ጣራም ነው፤ ዝናብ በቀጥታ አይገባበትም። ክረምቱ ሲወጣ ጀምሮ ወደ በጋው ዘልቆ የሚያብበውም ለዚህ ሥራ የታጨ ያህል ነው። ሁሉም ጉብ በአንድ ቀን ስለማይፈነዳ ምግቡ ይረዝማል።

ለማብቀሉ አትጨነቂ። ጉቡ ሲደርቅ ዘሩ እዚያው ውስጥ ይቀራል። አራግፈሽ ለስላሳ አፈር ላይ በትነሽ በስሱ አልብሺው። ካበበ በኋላ፣ የካቲት ገደማ፣ አገዳውን ከጉልበትሽ በታች ቁረጪው፤ ዝናብ ሲያገኝ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ፍግ አታብዢበት። በጣም የወፈረ መሬት ላይ ቅጠል ያበዛል፣ አበባ ይነሳዋል።

ከእሱ ጎን እሬት ትከይ። ውርጭን ታግሶ ቀይና ብርቱካናማ ዘንጉን ያወጣል፤ ውሃ አይለምንሽም። እርጥብ ቦታ ካለሽ ደግሞ አበልቢላን ፈልጊ፤ የዝንጀሮ አገዳ የሚሏትም አሉ። በሌላ ዓለም የማትገኝ የኢትዮጵያ ልጅ ናት። ቱቦዎቿ ወደ ታች ስለሚያዩ ወለላዋን ዝናብ አያቀጥንባትም። ቀይ አበባ ያላት እሾሃማዋ ኮሸሽላም የዚሁ ማኅበር ናት፤ እሷም የኢትዮጵያ ብቻ ናት። አጥር ሥር እንጂ ሕፃናት የሚሮጡበት ቦታ ግን አትሆንም።

4. አንዱን ዓይነት ሰብስበሽ ትከይ።

እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ አድርገሽ የበተንሽው ለዓይንሽ ቢያምርሽም ንቧን ያደክማታል። ንብ በአንድ ጉዞዋ አንድ ዓይነት አበባ ላይ መጽናት ልማዷ ነው፤ አበባም የሚዳቀለው በዚሁ ልማዷ ነው። የእያንዳንዱን ዓይነት ቢያንስ አንድ እርምጃ በአንድ እርምጃ የሚሞላ አድርጊለት። ሃያ ዓይነት ከምትሰበስቢ ስድስት ዓይነት በርከት አድርጊ።

5. ስለ ባሕር ዛፉ ሰው የሚነግርሽን ግማሹን ብቻ እመኚ።

ይህ ተራራ ድሮ ጥድና ወይራ የለበሰ ነበር። ምኒልክ ከተማቸውን እዚህ ላይ ሲቆረቁሩ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲደፉ፣ ለቤቱም ለማገዶውም እንጨት ይቆረጥ ነበር። ከተማው ወደ ታች ወርዶ አዲስ አበባ ከሆነም በኋላ መቁረጡ ቀጠለ፤ ተራራው ተራቆተ። እንጨት ከመጥፋቱ የተነሳ ንጉሡ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ከተማዋን በቦታዋ አቆማት። ከዚያ ወዲህ ስንት እናት ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባዋ ተሸክማ በዚህ ዳገት ወርዳ ልጅ አሳድጋለች። እኔ ያንን የቆመ ዛፍ አልሰድበውም።

ንብም አትሰድበውም። አበባው ወለላም ዱቄትም ይሰጣል፤ ወፎቹም ጫፉ ላይ ሲጯጯሁ ትሰሚያቸዋለሽ። ጉዳቱ ከሥሩ ነው። ጥላው፣ ውሃ የሚስበው ሥሩና የሚረግፈው ቅጠሉ ተባብረው ከሥሩ ሌላ አበባ እንዳይበቅል ያደርጋሉ። ባሕር ዛፍ ብቻ ባለበት ገደል ላይ በበጋ ብትሄጂ መሬቱ ደረቅ ቅጠል ብቻ ነው። ባንቺም አጥር ማዶ ስላሉ መደብሽን ከእነሱ አርቂ። ማራቅ ካልተቻለ በመደቡና በዛፎቹ መካከል እስከ ጉልበትሽ የሚጠልቅ ቦይ አስቆፍሪ፤ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ተመልሶ የመጣውን ሥር ቁረጪ። ቅጠሉን ለጉዝጓዝ አትጠቀሚበት። ገለባ ይሻላል።

ጥዱን ደግሞ ለማር ብለሽ አትትከይው። ጥድ የሚዳቀለው በነፋስ ነው፤ ለንብ ወለላ የለውም። ለወፍ መጠለያ፣ ለነፋስ መከላከያ ግን የሚያህለው የለም። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የቀሩትን አሮጌ ዛፎች ስታዪ፣ ተራራው ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር ትረጃለሽ።

6. ግማሹን መደብ ከወጥ ቤት ጀምሪ።

ንብ የምትወደውና እኛ የምንበላው በብዛት አንድ ቤተ ሰብ ነው። የጥብስ ቅጠል ሰማያዊ አበባውን በትንሽ ውሃ በበጋም ያወጣል፤ ለረሃቡ ወር ከሁሉ አስቀድሜ የምመክርሽ እሱን ነው። ከጓደኛሽ ግቢ አንድ ቅርንጫፍ ገንጥለሽ ብትሰኪው ይይዝልሻል። ጦስኝ የደጋ ልጅ ስለሆነ ይህን ብርድ አይፈራም፤ ቀስ ብሎ ያድጋልና ታገሺው፣ ውሃ በማይቋጥር በድንጋያማው የመደቡ ጠርዝ ላይ አድርጊው። ዳማከሴ ለምች ብለሽ ብትተክይውም አበባው ላይ ንብ አይጠፋም። ጤና አዳምም ቡና ላይ ከምትጨምሪው ሌላ ቢጫ አበባው ትናንሽ ዝንቦችንና ንቦችን ይጠራል።

ጎመኑን ደግሞ እስከ መጨረሻው አትልቀሚው። ጥቂቱን ተይውና አንገት አውጥቶ ያብብ። የጎመን ቢጫ አበባ በጥር ፀሐይ ላይ ከወጣ ጠዋት ጠዋት የንቡን ድምፅ ከደጅ ትሰሚዋለሽ። ድንብላልና ባቄላም እንዲሁ። ባቄላ ንብ ስትጎበኘው ፍሬው ይበዛል። ፖም ልትተክይም አስበሽ እንደሆነ፣ ይህ ብርድ ይስማማዋልና አስቢ፣ አንድ ዛፍ ብቻ አትትከይ። አብዛኛው ፖም ከሌላ ዓይነት ፖም የመጣ ዱቄት ካላገኘ አያፈራም፤ ያንን የሚያመላልሱለት እነዚሁ ንቦች ናቸው። አንድ ፖም ተክሎ አላፈራም ብሎ የሚቆርጥ ሰው አይቻለሁ፤ ዛፉ ምንም አልጎደለውም ነበር፣ ጎረቤት እንጂ።

7. አደዩን አትንቀይው።

አደይ አበባ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ነው፤ ሥሩ ከርሞ አይነሳም። የዚህ ዓመቱ አበባ ዘር ሳያፈስስ ከተነቀለ ለከርሞ የሚበቅል የለም። እንጦጦ ላይ ድሮ ቢጫ የነበረ ሜዳ አሁን ለምን እንደሳሳ ሲጠየቅ ሁሉም ግንባታውን ያነሳል። እውነት ነው፣ ግን እኛም ለበዓል እቅፍ ሙሉ ከነሥሩ እየነቀልን መኪና ላይ እንጭናለን። ልጆች ለእንቁጣጣሽ ሲመጡብሽ አትከልክያቸው፤ መቀስ ስጫቸውና ከሁለቱ አንዱን እንዲቆርጡ አስተምሪያቸው። የቀረው እስኪደርቅ፣ ዘሩንም እስኪያፈስስ ተይው። እስከ ኅዳር መደብሽ የተዝረከረከ ይመስላል። ይምሰል።

8. መርዝ ከግቢሽ አይግባ።

በዚህ ላይ አልለሳለስልሽም። ማላታይን ረጭተሽ ንብ መጋበዝ አይሆንም። የምትረጪው ለክሽክሽ ቢሆንም አበባው ላይ ያረፈችውን አይለይም፤ ንቧም እዚያው ባትሞት ይዛው ወደ ቀፎዋ ትገባለች። አረም ማጥፊያውም ቢሆን፣ ገበሬው ቱ ፎር ዲ የሚለው፣ ማገጡንና መጩን ነው የሚፈጀው፤ ሣሩ ይቀራል፣ አበባው ይሄዳል። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ የሆነች አገር ናት፤ ለንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 660 የወጣውም ነገሩ የአገር ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ክሽክሽ ከያዘው ቅርንጫፉን በውሃ ጠንክረሽ እጠቢው፤ ከበዛ የሳሙና ውሃ አድርጊበት፣ አመሻሽ ላይ፣ አበባውን ሳትነኪ። ጥቂት ክሽክሽ ቢቀርም አትዘኚ። ለጫጩቶች ምግብ ይሆናል፤ የአበባ ወፍ ልጆቿን በወለላ ብቻ አታሳድግም፣ ነፍሳትና ሸረሪት እየለቀመች ነው የምታጎርሳቸው። ትሏን የጨረሰ ግቢ ወፏንም ጨርሷል።

9. ሸረሪቷን አታባሪ።

ወፏ ጎጆዋን ከቅርንጫፍ ጫፍ አንጠልጥላ ትሠራለች። ሣሩን፣ ቅርፊቱን፣ ጸጉሩን የምታያይዝበት ክር የሸረሪት ድር ነው። ለበዓል ቤት ስታጸጂ የውስጡን ጥረጊ፤ የአጥሩንና የቁጥቋጦውን ድር ግን ተይላት።

10. የአፈሩን ገጽ ሁሉ አትሸፍኚ።

ንብ ሲባል ሰው የሚያስበው በቀፎ የምትኖረውን ብቻ ነው። ከእሷ ሌላ ብዙ ዓይነት ብቸኛ ንቦች አሉ። እያንዳንዷ እናት ለብቻዋ ደረቅ መሬት ቆፍራ ወይም ባዶ አገዳ ውስጥ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ማር አትሰበስብም፣ ከአንቺም ጋር ጠብ የላትም። ለእነሱ ፀሐይ በደንብ የሚያገኘው ጥግ ላይ ሣርም ድንጋይም ያልለበሰ ባዶ መሬት ተዪላቸው፤ አትቆፍሪው፣ ውሃም አታጠጪው። የራስ ክምሩን የቆረጥሽውን አገዳ ጥቂቱን አስረሽ ከዝናብ በሚከለል ቦታ አስቀምጪ።

ጣዝማንም አትርሺ። የማትናደፍ፣ ከመሬት በታች የምትኖር ትንሽ ንብ ናት። ማሯ ለሳልና ለጉሮሮ መድኃኒት ይባላልና ሰው ጉድጓዷን ካየ ቆፍሮ ያወጣዋል። ሲቆፈር ቤቷ ይፈርሳል፤ መንጋዋም ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ቀዳዳዋን ካየሽ ለማንም አትንገሪ።

11. ውሃ አኑሪ፤ ስኳር ተዪ።

ዝርግ ሸክላ ውስጥ ጠጠር ሞልተሽ ውሃ አድርጊበት፤ የጠጠሩ ጫፍ ከውሃው በላይ ይውጣ። ንብ ጥልቅ ውሃ ላይ ካረፈች ትሰምጣለች። ውሃውን በየቀኑ ቀይሪው፤ ካንቺ ውሃ መጠጣት ከለመዱ የጎረቤት ቧንቧ ሥር አይሰበሰቡም።

በአሜሪካ ለሃሚንግበርድ አንድ እጅ ስኳር በአራት እጅ ውሃ በጥብጠው በጠርሙስ ይሰቅላሉ። አንቺ አታድርጊው። በፀሐይ ቶሎ ይኮመጥጣል፣ ሻጋታ ያበቅላል፣ ጉንዳን ይጠራል፤ በየሁለት ቀኑ ጠርሙስ የምትቀቅይበትን ጊዜ ችግኝ አጠጪበት። ማርማ ከቶ አትስጫቸው፤ ተበጥብጦ ሲቀመጥ በሽታ ያራባል።

12. ሥራውን ከሰማዩ ጋር አስማሚ።

መደቡን በሚያዝያና በግንቦት ቆፍሪ፤ ሁለት ጊዜ ገልብጪው፣ የበሰበሰ ፍግ ጨምሪበት። ችግኙ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይግባ። መደቡ ከዙሪያው መሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ ክረምቱ እዚህ ላይ ውሃ ያስተኛልና። ጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምትደርስበትን ቦታ ምረጪ፤ ንብ ሰውነቷ ሳይሞቅ አትበርም፣ እንጦጦ ደግሞ ጠዋቱ ክፉ ነው። ወደ ነፋሱ በኩል አሜጃና ቀጋ አጥር ይሁኑሽ። አሜጃ ቢጫ ሰፋፊ አበባ አለው፤ ቀጋ ደግሞ ከሰሃራ በታች በተፈጥሮ የበቀለች ብቸኛዋ የዱር ጽጌረዳ ናት። ነጭ አበባዋ ወለል ብሎ የተከፈተ ስለሆነ ንብ ዱቄቱ ውስጥ ትንከባለልበታለች። ገበያ ላይ ያሉት ቅጠል በቅጠል የተደራረቡ ጽጌረዳዎች ግን ለንብ የተዘጋ በር ናቸው።

ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። የዘንድሮውን ለጋ ችግኝ ማታ በገለባ ወይም በጆንያ አልብሺው፤ ጠዋት አንሺለት። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ በሐምሌ ችግኝ የማይተክል የለም፤ ደግ ልማድ ነው። ችግኝ የሚሞተው ግን በጥርና በየካቲት ነው። አትክልት ያጠብሽበትን ውሃ፣ ሳሙና ያልነካውን፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሥሩ አጠጪ፤ አበባው ላይ አታፍስሺ።

13. የማትገዢው።

የወፍ ቆሎን ቢራቢሮ ያመጣል ብለው ይሸጡልሻል። ያመጣል። ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን በየቦታው ትጥለዋለች፤ አንዴ ከያዘ የግጦሽ መሬት ይዘጋል፣ ከብትም ይመርዛል። አትግዢው። ችግኝ ሻጭ ስሙን ካልነገረሽ ወይም እድገቱ ይፈጥናል ከማለት ሌላ የሚለው ከሌለው እለፊው። የአገር ተክሎችን በስማቸው ማየት ከፈለግሽ ጉለሌ እፅዋት ማዕከል ሂጂ፤ ከዚሁ ተራራ በምዕራብ በኩል 705 ሄክታር ላይ የተንጣለለ ነው። ቀኑን ሙሉ ብትውዪ አይበቃሽም። የትኛው ተክል ለንብ ምን እንደሚሰጥ በጥሞና ማንበብ ስትፈልጊ ደግሞ ፊክትልና አድማሱ አዲ ስለ ኢትዮጵያ የንብ እፅዋት ያዘጋጁትን መጽሐፍ ፈልጊ፤ በሆለታም ለንብ ብቻ የተቋቋመ የምርምር ማዕከል አለ።

ከተራራው ግን ነቅለሽ አታምጪ። ዱር የበቀለውን አበልቢላ ከነሥሩ ወስዶ ግቢ ውስጥ ማድረግ አንዱን ማዕድ አፍርሶ ሌላ መሥራት ነው። ዘር ውሰጂ፣ እሱንም ከአሥሩ አንዱን። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከሆነ አባቶችን አስፈቅጂ። ፈቃደኛ ናቸው። ጧፍ ከሰም መሆኑን፣ ሰምም ከንብ መሆኑን ከእኛ በላይ ያውቃሉና ለንብ ነው ካልሻቸው መርቀው ይሰጡሻል።

14. ስለ መነደፍ።

ጎረቤት ንብ ያመጣሽብን ብሎ መናገሩ አይቀርም። አበባ ላይ የምትሠራ ንብ ካልተጨመቀች አትናደፍም፤ የምትቆጣው በቤቷ ስትመጪባት ነው። ስለዚህ መደቡን ከበርሽና ከመተላለፊያው ሁለት ሦስት እርምጃ አርቂው፤ ቀፎም ልስቀል ብለሽ በጠባብ ግቢ ውስጥ አትጀምሪ። የተነደፈ ሰው ፊቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሳትውይ ሐኪም ቤት አድርሺው። ለጎረቤትሽ ደግሞ የመጀመሪያውን ባቄላ ስትለቅሚ እፍኝ ላኪላት።

15. ዘር ከእኔ ውሰጂ።

የራስ ክምር፣ የአደይና የድንብላል ዘር አለኝ፤ የጥብስ ቅጠሉንም ስንት ቅርንጫፍ ብትፈልጊ ትገነጥያለሽ። ራስ ክምሩ በጥር አጋማሽ ይደርቃል። ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ ነይ፤ እርጥብ ዘር በከረጢት ይሻግታል። ላስቲክ ሳይሆን የወረቀት ከረጢት ያዢ፣ ወሩንና ስሙን የምትጽፊበት እርሳስም። ጉቡ ሲደርቅ እንደ መርፌ ይወጋል፤ ወፍራም ጓንት አትርሺ።